በመኪና አደጋ ጉዳትን የሚያከብዱና የሚያቀሉ ነገሮች፦ ከድንገተኛ ክፍል የታዘብነው

ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ የአንዱ ሕይወት ያልፋል፣ አጠገቡ የነበረው ጭኑ ይሰበራል፣ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ሰው «ቀኑ ስላልደረሰ ነው» ይላል። ድንገተኛ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ግን ተጎጂ ሲገባልን ሌላ ነገር ነው የምንጠይቀው፦ የት ተቀምጦ ነበር? ቀበቶ አስሯል? ከመኪናው ውጭ ተወርውሮ ነው የተገኘው? እዚያው ምን ያህል ቆየ? ማን፣ እንዴት አነሳው? መልሱን ስንሰማ የቱን የሰውነት ክፍል ቀድመን መፈተሽ እንዳለብን ልብሱን ቀደን ሳንጨርስ እናውቃለን። አደጋ በምን ምክንያት እንደሚደርስ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንጽፈው ከደረሰ በኋላ ጉዳቱን ስለሚያከብደውና ስለሚያቀለው ነው።

አንድ አደጋ ውስጥ ሦስት ግጭት አለ። መጀመሪያ መኪናው ከዛፍ፣ ከድልድይ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ መኪናው ቆሞ ሰውየው በነበረበት ፍጥነት መሄዱን ስለሚቀጥል ከመሪው፣ ከክሩስኮቱ ወይም ከፊቱ ካለው ወንበር ብረት ጋር ይጋጫል። ሦስተኛው በሰውነት ውስጥ ነው፦ ደረቱ ሲቆም ልብና ከእሱ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ራስ ቅሉ ሲቆም አንጎል ይላተማል፣ ጉበትና ጣፊያ ከተያያዙበት ቦታ ይተረተራሉ። ላዩ ላይ አንድ ጭረት ሳይታይበት ከሁለት ሰዓት በኋላ ተዝለፍልፎ የሚወድቀው ሰው ጉዳቱ በዚህ በሦስተኛው ግጭት የደረሰ ነው። መኪናው ምን ያህል እንደተጨማደደ ማየት የሚነግረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ሦስቱንም የሚገዛው ፍጥነት ነው። የሚያታልለው ደግሞ ጉልበቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አለመጨመሩ ነው፤ በካሬ ነው የሚያድገው። ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወጡ ፍጥነቱ በሲሶ ጨመረ፤ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን 78 በመቶ ያህል ጨመረ። በ50 ከግንብ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። በ80 ሲሆን 25 ሜትር፣ በ100 ደግሞ 39 ሜትር ይሆናል።

ሹፌሮች «15 ኪሎ ሜትር ብትጨምር ምን ታመጣለች?» ይሉናል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንበል፣ አንዱ በ50 ሌላው በ65። ሁለቱም ሹፌሮች በአንድ ቅጽበት ከፊታቸው ሕፃን ያያሉ፣ ሁለቱም ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ጥሩ ነው። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ላይ ይቆማል። በ65 የሚሄደው 28ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ገና 50 ያህል ፍጥነት አለው። አንዱ ሕፃኑ እግር ሥር ቆሞ ሲያናፋ ሌላው በ50 ይመታዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ እንደሚጨምር ያስቀምጣል።

እንቅልፍና ምርቃና የሚያደርሱት አደጋ እኛ ዘንድ ከሌላው ከብዶ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያንቀላፋ ሹፌር ፍሬን አይረግጥም፤ በ90 እየሄደ ከሆነ በ90 ይጋጫል። ጫት እንቅልፉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምርቃናው ሲወርድ ዓይን በተገለጠበት ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠፋል። በ90 ሦስት ሰከንድ 75 ሜትር ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓትና ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ በጣም ያሰጋል። መፍትሔው መስኮት መክፈት ወይም ሙዚቃ ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ መተኛት ነው።

ክብደትን ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 1.2 ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪና 12 ቶን ከሚመዝን የጭነት መኪና ጋር፣ ሁለቱም በ60 እየሄዱ ፊት ለፊት ቢጋጩና ተጣብቀው ቢሄዱ፣ የጭነት መኪናው ፍጥነት በ11 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀንሳል። የትንሿ መኪና ፍጥነት ግን በ109 ይለወጣል፤ ወደፊት 60 ስትሄድ የነበረችው በቅጽበት ወደኋላ 49 ትገፋለች። ሲኖትራክ ውስጥ ያለው ሰው ወርዶ ሲቆም ቪትዝ ውስጥ ያሉት የማይተርፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ከባድ መኪና መስመር ስቶ ሲመጣ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ከመገናኘት ወደ ቀኝ ወጥቶ ማሳ ውስጥ መግባት፣ ወይም አጥርን በጎን መታከክ ይሻላል። ታክኮ መቆም እና ተላትሞ መቆም አንድ አይደለም፤ በመታከክ ፍጥነቱ ረዘም ባለ ርቀት ላይ ያልቃል።

የዓባይ በረሃን ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፍሬኑ ግሎ ሲያልቅ ያ ሁሉ ቶን በሙሉ ፍጥነቱ ይመጣል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ባዶ አድርጎ መልቀቅ የሚያተርፈው ጥቂት ብር ነው።

ወደ ሁለተኛው ግጭት ስንመጣ ዋናው ነገር ቀበቶ ነው። ፊት ለተቀመጠ ሰው የሞት ዕድልን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አገራችን ግን ቀበቶ ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ነገር ሆኗል፤ ሳይቆልፉት ደረት ላይ ጣል አድርገው የሚይዙት አሉ። የማስጠንቀቂያ ድምፁ እንዳይረብሻቸው ቀበቶውን ከጀርባቸው አስረው የሚቀመጡም እናገኛለን። አስረውም ቢሆን አስተሳሰሩ ጉዳቱን ይለውጣል። የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ከእምብርት በታች በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ላይ ማረፍ አለበት። ሆድ ላይ ከወጣ በግጭቱ ጊዜ አንጀት ይበጥሳል፣ የወገብ አከርካሪም ይሰብራል። ሆድ ላይ እንደ ቀበቶ የተሰመረ ሰንበር ያለበትን ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ቤት አንልከውም። የላይኛው ክፍል በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል፣ በብርብራት አጥንቱ መሐል ያልፋል፤ በብብት ሥር ማሳለፍ ጎድን ሰብሮ ጉበት ላይ ይተክላል። ነፍሰ ጡር የታችኛውን ከሆዷ እብጠት ሥር፣ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል ታድርግ፤ «ለጽንሱ» ብላ አለማሰር ለእናትም ለጽንስም የባሰ ነው። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ላይ የታሰረ ቀበቶ ልብሱ እስኪጨመቅ ድረስ ሰውን ስለማይዝ ጋቢውን አውልቆ አስሮ ከላይ መደረብ ይቀላል።

ቀበቶው ራሱ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ድንገት ጎትቱት፤ ካልያዘ ለውጡት። ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ወይም አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት ላይ ሰው የያዘ ቀበቶ ተለጥጧልና መለወጥ አለበት። ከውጭ በገቡ ያገለገሉ መኪኖች የኋላ ቀበቶ መቆለፊያዎች ብዙ ጊዜ በወንበር ልብስ ተቀብረው ነው የምናገኛቸው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ልብሱን ቀዶ ማውጣት ነው። ከኋላ ያልታሰረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ተወርውሮ ታስሮ የተቀመጠውን ሹፌር ከኋላ ይጨፈልቀዋል።

የኤርባግ ምልክት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ችግር አለ። ጭራሹን ካልበራ ደግሞ ይባስ ተጠራጠሩ፦ ቀድሞ የፈነዳ ኤርባግ ሳይተካ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ከደረታችሁ እስከ መሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ኤርባግ ያለ ቀበቶ ጓደኛ አይደለም፤ ያልታሰረ ሰው ገና እየፈነዳ ሳለ ይደርስበትና ፊቱንና አንገቱን ይመታዋል።

ሕፃን ፊት ወንበር ላይ ታቅፎ መቀመጥን ያለ ምንም ማለሳለስ እንቃወማለን። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚሆን ግጭት ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ ከእጅ ይወጣል። የትኛዋም እናት ልትይዘው አትችልም፤ እሷ ራሷ ካልታሰረች ደግሞ በእሷና በክሩስኮቱ መካከል ይጨመቃል። የሕፃን ወንበር ከሌለ ቢያንስ ከኋላ ይሁን። በዚሁ ሒሳብ ከኋላ መስኮት ሥር የተቀመጠ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ከ180 ኪሎ በላይ ሆኖ ይመጣል። ዕቃ ወለል ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተደግፎ፣ በገመድ ታስሮ ነው የሚጫነው።

ሚኒባስና አይሱዙ የራሳቸው የጉዳት ዓይነት አላቸው። ሁለቱም አፍንጫ የላቸውም፤ ሞተሩ ከወንበር ሥር ስለሆነ ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ያለው ቆርቆሮና ትንሽ ብረት ነው። ፊት ለፊት ሲጋጩ ጋቢና ያሉት ሰዎች እግራቸው ተጣብቆ፣ ጭንና ቅልጥማቸው ተሰብሮ ይመጣሉ፤ ለማውጣትም ጊዜ ይወስዳል። ከኋላ ደግሞ ችግሩ ወንበሩ ነው። ከጭነት ወደ ሰው ማመላለሻ በተቀየሩት ላይ ወንበሩ በቀጭን ወለል ላይ ተበይዶ ስለሚገጠም በግጭት ጊዜ ከነሰው ተነቅሎ ወደፊት ይደራረባል። ከመሳፈራችሁ በፊት መደገፊያውን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ እግሩ ሥር ቡሎኑ ከተንቀሳቀሰ ወይም ብየዳው ዙሪያ ዝገት ካለ ሌላ ወንበር ፈልጉ። ትርፍ ሆኖ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለም፣ በፊት መስታወት የሚወጣ የመጀመሪያው እሱ ነው። በሩ ሳይዘጋ የሚሄድ ሚኒባስ ሲገለበጥ ሰው በበሩ ይፈስሳል። ከመኪና ውጭ ተወርውሮ የተገኘ ሰው ውስጥ ከቀረው በብዙ እጥፍ ለሞት ቅርብ ነው። «ተወርውሬ ተረፍኩ» የሚለውን ታሪክ የምንሰማው ከተረፉት ብቻ መሆኑን አትርሱ። በአይሱዙ ጭነት ላይ የሚሳፈር የቀን ሠራተኛ ከስፖንዳው በላይ ሲቀመጥ ገና ከመነሻው የተወረወረ ያህል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን መኪና ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ እግረኞች ናቸው። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ሲመታ ፓራውልቱ ጉልበትን ይሰብራል፣ ሰውየው ኮፈን ላይ ይወጣል፣ ራሱ የመስታወቱን ታችኛ ጠርዝ ይመታል፣ ከዚያ መሬት ላይ ይወድቃል። ፊታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ መኪኖች ግን ዳሌና ደረትን ነው የሚመቱት፣ ኮፈን ላይ ስለማያወጡትም ወደፊት ጥለው ይረግጡታል። ለልጅ ያው ፓራውልት ራስ ላይ ነው። ፒክአፕ ፊት ላይ የሚገጠመው የብረት መከላከያ መኪናውን ይከላከላል፣ ሰውን ግን በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ይሰብራል፤ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ምንም ጥቅም አናይበትም። ማታ ጥቁር የለበሰ ሰው በአጭር መብራት ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው የሚታየው፤ በ80 የሚሄድ መኪና ደግሞ ለመቆም 58 ሜትር ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከሩቅ ይታያል። እግረኛ መንገድ በሌለበት ግራን ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና እያዩ መሄድ ዝላይ የምታህል ጊዜ ይሰጣል።

ለሞተር ሳይክል ሄልሜት የሞት ዕድልን ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል፤ ግን አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። ሳይታሰር የተደረገ ከራስ ቀድሞ ይበራል። በማሰሪያው ሥር ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። የሚያድነው ውስጡ ያለው ጠንካራ ፎም እንጂ የላዩ ፕላስቲክ ስላልሆነ የግንባታ ቆብ አይተካውም፤ አንዴ በአደጋ የተመታም ውጭው ሳይሰነጠቅ ፎሙ ተጨፍልቋልና ይጣላል። ባጃጅ ላይ ክንድና እግር ወደ ውጭ አለማውጣት፣ ከኋላ ከሦስት ሰው በላይ አለመጫን፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ፊት አንድ ጎማ ስለሆነ በቀላሉ ይገለበጣል።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፦ ማታ ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና። ትንሽ መኪና ከኋላ ሲገባበት የመኪናዋ ፓራውልትና ሻሲ ምንም አይነኩም፤ ከካሳው (ከጭነት ሳጥኑ) ሥር ይሾልኩና የካሳው ጠርዝ በመስታወቱ በኩል በራስ ቁመት ይገባል። ቀበቶም ኤርባግም እዚህ ጋ አቅም የላቸውም። ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚገጠመው የብረት አግዳሚ ለዚህ ነው የተሠራው፣ ብዙው ላይ ግን ተነቅሏል። አንጸባራቂ ትሪያንግል ራቅ አድርጎ ማቆም እንጂ ድንጋይ መደርደር አይረዳም፤ ድንጋዩ መኪናው ከሄደ በኋላም እዚያው ቀርቶ ሌላ ሰው ይገለብጣል።

ከግጭቱ በኋላ ጉዳትን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ሊረዳ የመጣ ሰው እጅ ነው። ሕዝባችን ለመርዳት ይሽቀዳደማል፣ ግን እጅና እግር ይዞ አንጠልጥሎ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አጥፎ ይጭናል። አንገቱ የተሰበረ ሰው ቦታው ላይ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ነበር፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ አያንቀሳቅስም። እሳት፣ ጎርፍ ወይም የሚመጣ መኪና ካላሰጋ አታንሱት። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፣ ሲጋራ አርቁ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ከሆነ 939 ደውሉ። የግድ መጎተት ካለበት ልብሱን ከሁለቱ ትከሻ ላይ ይዛችሁ፣ ራሱን በክንዶቻችሁ መካከል አጥብቃችሁ፣ በቁመቱ አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱ። ለመጫን አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ራስ ይይዝና ይቆጥራል፣ ሦስቱ እንደ አንድ ግንድ አገላብጠው ቃሬዛ ወይም የተነቀለ በር ላይ ያሳርፉታል።

ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ በገዛ ምላሱ፣ በደሙና በትውከቱ ይታፈናል። አንገቱን ሳታጥፉ መንጋጋውን ከሁለት ጎን በጣት ወደፊት ግፉ፤ የሚያስመልሰው ከሆነ ራሱንና አካሉን አብራችሁ በጎኑ አዙሩት። ደም ለማቆም ንጹሕ ነጠላ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ በቀጥታ 10 ደቂቃ ተጫኑ፣ «ቆመ ወይ?» እያላችሁ አታንሱት። ከእጅ ወይም ከእግር እየተረጨ እንቢ ካለ ብቻ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ አስራችሁ በእንጨት አጠንክሩና ሰዓቱን ጻፉ። ሽቦና ሲባጎ ሥጋ ይቆርጣል። የተሰካ ብረት ወይም እንጨት አትንቀሉ። የተሰበረ ጭን ብቻውን እስከ 1.5 ሊትር ደም ወደ ውስጥ ይይዛል፤ ሁለቱን እግር መሐሉ ላይ ጨርቅ አድርጎ አንድ ላይ ማሰር ይህን ይቀንሳል። ዳሌው የተመታ ከሆነ ጋቢ አጥፋችሁ ወገቡ ላይ ሳይሆን የጭን አጥንት በጎን በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አትፈትሹት። ውኃ አታጠጡ፣ ቢለምንም። ትን ይለዋል፣ ቀዶ ሕክምናም ያስቸግራል። በተረፈው ጋቢ አልብሱት፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋም።

በሕጉ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂ የአስቸኳይ ሕክምና መብት ስለሚሰጥ «መጀመሪያ ክፈሉ» የሚል ቢገጥማችሁ ጠቅሱት። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ስለ ተጎጂው የምታውቁትን ንገሩ፦ ከየትኛው ወንበር፣ ታስሮ ነበር ወይ፣ ተወርውሮ ነው ወይ፣ በመኪናው ውስጥ የሞተ ሰው አለ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር፣ ጠጥቷል ወይ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል ወይ። የመኪናውን ፎቶ በስልክ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ዕድሜውንም አትደብቁ፤ 65 ዓመት ያለፈው ሰው በትንሽ ግጭት ብዙ ጎድን ይሰበርበታል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም በሳንባ ምች ይወድቃል።

«ደህና ነው» ተብሎ የተመለሰውን ለ24 ሰዓት ብቻውን አትተዉት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሆዱ ከጠነከረ ወይም ምንም ሳይነካው ግራ ትከሻውን ካመመው (ይህ የጣፊያ ደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ይችላል) በሌሊትም ቢሆን መልሱት።

ስብራቱን ወጌሻ ጋ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹም በጎ አሳቢዎች ናቸው። ነገር ግን በመኪና አደጋ የተሰበረ እግር ለቀናት እያበጠ ይሄዳል፣ ቀርከሃና ገመድ ደግሞ አይለጠጥም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ሕመሙ ከገደብ ካለፈ፣ ማሰሪያውን ያኔውኑ ፍቱና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ደም ሳያገኝ ስድስት ሰዓት የቆየ ጡንቻ አይመለስም፤ ቀላል የነበረ ስብራት በመቆረጥ ያበቃል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው፤ የፀረ ተሕዋሲ መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሰጠት አለባቸው።